ለሃኩሮ የተሰቀለው ነጭ ፋኖስ

በሥዕል የተሳለ ሰው የሚወድ ሰው ርካሽ ቀን የለውም። ሥጋና ደም ያለውን የወደደ አልፎ አልፎ ይጋበዛል፤ የተሳለው ግን ከፍሎ አያውቅም። ለምሳሌ የባለቤቴን እናት፣ የተከበሩትን ወይዘሮ ሚትሱዮ አካባኔን፣ አንድ ተራ ማክሰኞ ምን እንደሚያስወጣቸው ላስላላችሁ። ጠዋት ከማዕዘኑ ሱቅ ሁለት ጣሳ ቡና ይገዛሉ። ቡና አይጠጡም፤ ልባቸውን ያስመታቸዋል። ጣሳው ላይ ግን የዚያ የሚወዱት ጎረምሳ የሃኩሮ ሥዕል አለ። አንዱ ጣሳ ለመደርደሪያ፣ ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው ቢጨረማመት መተኪያ። ከዚያ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ወደ ቆመው ማሽን ይሄዳሉ፤ ሳንቲም ጎርሶ በፕላስቲክ እንቁላል ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ወደሚተፋው። ሦስት መቶ የን ያጎርሱታል። የሃኩሮን ጠላት ይተፋል። ሌላ ሦስት መቶ። አሁንም ጠላት። «ይኼ ማሽን ከእነሱ ወገን ነው» ብለው ይመለሳሉ። ማታ ደግሞ አንድ እሽግ ሶፍት፤ ለእንባ። ይህ እንግዲህ ሃኩሮ ያልቆሰለበት፣ ልደቱም ያልሆነበት፣ ኮሽታ የሌለው ማክሰኞ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በእናንተ ሰፈር ምናልባት የኳስ ቡድኑ ሲሸነፍ እህል የማይቀምስ ይሆናል፤ ወይም በሬዲዮ ድራማ ውስጥ የታመመችው ሴትዮ ልትሞት ነው ብሎ ከሥራ የሚቀር። በእኛ ሰፈር፣ የባሕሩ ነፋስ መስኮት በሚያንቀጫቅጭበት በሳካታ፣ እማማ ሚትሱዮ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሊደፍን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ገበያ ውስጥ ዓሣ ሲበልቱ ኖረዋል፤ ቢላ ከያዙ ማንም አጠገባቸው አይቆምም። ልባቸውን ያሸነፈው ግን የወረቀት ጎራዴ ነው። በፊታቸው «ያ ካርቱን» ያለ ሰው ወዮለት።

«ካርቱን አትበሉት» ይላሉ። «መጀመሪያ ሦስቱን ክፍል እዩና ከዚያ ስደቡኝ።»

ብዙ ሰው ሦስቱን ክፍል አይቷል። የሰደባቸው ግን የለም።

አኒሜው፣ ማለትም የሥዕል ፊልሙ፣ «የሰባቱ ድልድዮች ጠባቂ» ይባላል። ዓለም ማለት በጉም ባሕር ላይ የቆሙ ተራሮች ናቸው፤ ተራሮቹን የሚያገናኙት ሰባት ድልድዮች ብቻ ናቸው። ኢቡኪ የድልድዮቹ ጠባቂ ናት፤ ጎራዴዋ ጫፉ የተሰበረ፣ አፏ ግን ያልተሰበረ። ሃኩሮ ደግሞ ከጉሙ የተወለደ፣ ጥላ የሌለው ጎረምሳ ነው። ይዋደዳሉ። ችግሩ፣ ገላቸው በተነካካ ቁጥር አንድ ድልድይ ይወድቃል። ድልድይ ከወደቀ ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው መንደር መድኃኒት አያገኝም፣ ሙሽራ አይሻገርም፣ ጨው አይገባም። ስለዚህ ጠላት ሲመጣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ትተው ይዋጋሉ። ውሃ ሲጠማት ቅሉን ድንጋይ ላይ ያስቀምጥላትና ወደ ኋላ ይላል። እሷም ትጠጣና መልሳ ታስቀምጣለች። እሱ ደግሞ ከንፈሯ ባረፈበት በኩል ይጠጣል።

እዚህ ጋ እማማ ሚትሱዮ ሁልጊዜ ፊልሙን ያቆሙታል። «አያችሁ?» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው። «በሌላው ፊልም እኮ ገና ስማቸውን ሳይነጋገሩ አልጋ ውስጥ ናቸው! እነዚህ እጅ እንኳን አልተጨባበጡም፤ እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ፍቅር ይኼ ነው።»

«ፍቅርማ ይኼ ከሆነ» ይላሉ ባላቸው አባባ ሺጌኦ፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ፣ «እኔና አንቺ ሃያ ዓመት ሙሉ እየተፋቀርን ነው።»

እማማ ይህን አይሰሙም። ሃኩሮ ሲናገር ሌላ ወንድ አይሰሙም።

ገበያ ሲወጡ የሚይዙት ቦርሳ በሃኩሮ ፊት የተሸፈነ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ክብ ባጅ በባጅ። ሲራመዱ ይንቃጨላል፤ ዓሣ ነጋዴዎቹ ገና ሳያዩዋቸው «እማማ መጡ፣ ያደረውን ደብቁ» ይባባላሉ። የሃኩሮ ልደት ዕለት ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ይታዘዛል። የአባባ ሺጌኦ ልደት በዚያው ሳምንት ነው፤ ከኬኩ የተረፈው ይደርሳቸዋል። አንዴ ጥርስ ሐኪም ዘንድ «አፍዎን ይክፈቱ» ቢባሉ ከፈቱ፤ ግን ያኔ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ነው። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ቆሞ ሦስተኛው ድልድይ እንዴት እንደወደቀ ሙሉውን ሰማ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «አራተኛውስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ከሁሉ የባሰው የሐሙስ ጉዳይ ነበር። በእኛ አውራጃ ቴሌቪዥን አኒሜው የሚታየው ቶኪዮ ከታየ ከሳምንት በኋላ ነው። ያችን አንዲት ሳምንት እማማ ሚትሱዮ ታሪኩን ማንም ቀድሞ እንዳይነግራቸው እንደ ሽፍታ ተደብቀው ነበር የሚኖሩት። ፀጉር ቤት አይሄዱም፤ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ቶኪዮ ነው የምትኖረው። አውቶቡስ ውስጥ ተማሪ ካዩ በሚቀጥለው ፌርማታ ይወርዳሉ። የአራት ዓመቷ ልጄ ኮሃሩ እንኳን ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ በር ላይ ትፈተሻለች፤ «ዛሬ ስለ ሃኩሮ የነገረሽ ሰው አለ? ካለ እንዳትነግሪኝ!»

ሐሙስ ሲደርስ ግን ብቻቸውን አያዩም። ቀድተው፣ ጎረቤታችን እትዬ ፉሚዬ ናሩሴ ዘንድ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ቤታቸው መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊታችን ነው። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አብረው አሳልፈዋል፤ በፊት ሹራብ እየሠሩ፣ ኋላ ላይ ሃኩሮን እያዩ። እትዬ ፉሚዬ ታመው ሆስፒታል ሲገቡም ሐሙስ አልተቋረጠም። እማማ ትንሿን ማጫወቻ በሻርፕ ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ፤ በአንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንዱ ለአንዷ፣ ሌላው ለሌላዋ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያያሉ። ነርሷ «እዚህ ክፍል የሚጮኸው ማነው?» ብላ ስትገባ ሁለቱም ሌላኛዋን ይጠቁማሉ።

እትዬ ፉሚዬ የቼሪ አበባ ሲረግፍ አረፉ። አኒሜው ያለቀው ሰኔ ላይ ነው።

የመጨረሻውን ክፍል እማማ ብቻቸውን አዩት። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ልብስ እያጠፍኩ እሰማ ነበር። የቀረው አንድ ድልድይ ነው፤ ጠላት መጥቷል፤ ሃኩሮ የመንደሩን ሰው ሁሉ አሻግሯል፤ ኢቡኪ ግን ገመዱ ላይ ተንጠልጥላለች። እጁን ዘረጋላት። እሷም ያዘችው። ከዚህ በፊት ሲነካኩ ሁሉ በስህተት ነበር፤ ያን ቀን ግን እያወቁ፣ ጥብቅ አድርገው ተያያዙ። ወደ ዳር ወረወራትና ድልድዩ ሃኩሮን ይዞ ጉሙ ውስጥ ገባ። ዘፈን። አለቀ።

እንባ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ፣ ድስት መፈግፈግ ጀመሩ።

ነሐሴ ገባ። የሙታን ነፍስ ወደየቤቷ ትመለሳለች የሚባልበት የቦን ሰሞን ደረሰ። በዓመቱ ሰው የሞተበት ቤት፣ እሱ ብቻ፣ ደጁ ላይ ነጭ ፋኖስ ይሰቅላል፤ አዲሷ ነፍስ መንገዱን ገና ስላልለመደች ቤቷን እንዳትስት። በእኛ መንገድ ዘንድሮ ነጭ ፋኖስ የነበረው የናሩሴ ቤት ብቻ ነው። ማለቴ፣ እስከዚያች ጠዋት ድረስ። ጠዋት መስኮት ስከፍት የእኛም ደጅ ላይ አንድ ነጭ ፋኖስ ይወዛወዛል።

ሰፈሩ የሚያስበውን አሰበ። አባባ ሺጌኦ ወገባቸውን ታመው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም ነበር። ሁለትና ሁለት ሲደመር አራት ነው። ረፋዱ ላይ የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ኦኩሙራ በዚያ ሙቀት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሚስታቸው ጋር፣ ጧፍና የለቅሶ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ይዘው ደጃችን ቆሙ። በር የከፈቱላቸው አባባ ሺጌኦ ናቸው፤ በካናቴራ፣ በእጃቸው ለቦን በሬ የሚሠራበትን ሐምራዊ አትክልት፣ ደበርጃን፣ ይዘው።

የአቶ ኦኩሙራ ሚስት የባላቸውን እጅጌ ያዙ።

«አቶ ሺጌኦ» አሉ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እንዴት... እንዴት ነዎት?»

«ወገቤን ትንሽ። ምነው፣ ማን ሞቶ ነው ጥቁር በጥቁር የሆናችሁት?»

«እኛም እሱን ልንጠይቅ ነበር።»

እማማ ሚትሱዮ ከኋላ ብቅ አሉ። እሳቸውም ጥቁር ለብሰዋል። «ግቡ፣ ግቡ እንጂ። ሃኩሮ ነው።»

እንግዶቹ ገብተው ከቤቱ የሙታን መታሰቢያ ፊት ተንበረከኩ። ከአያቶች ፎቶ ጎን በጥቁር ፍሬም የአንድ ነጭ ፀጉራም ጎረምሳ ሥዕል ተቀምጧል፤ ከፊቱ ነፍሱ ተቀምጣ እንድትመጣ ከኪያር የተሠራ ፈረስ፣ ኪያሩም ላይ ጫፏ የተሰበረ የጥርስ እንጨት። አቶ ኦኩሙራ መነጽር አልያዙም ነበር፤ ጧፉን ለኩሰው ጎንበስ አሉ።

«የወንድም ልጅ ነው?» አሉ ሚስታቸው በሐዘኔታ።

«ከዚያም ይቀርባል።»

«አይይ። ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ሚስትየዋ ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ፤ «ፊቱ ግን አይመስልም» አሉ በትሕትና።

አባባ ሺጌኦ ደበርጃናቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ።

አቶ ኦኩሙራ ግን አልሳቁም። ገብቷቸው ሲነሡ ፊታቸው ቀልቷል። «እትዬ ሚትሱዮ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔን ያታለሉኝን እተወዋለሁ፤ ከዚህ መንገድ ማዶ ግን የእውነት ሚስቱ የሞተችበት ሰው ተቀምጧል። በር ሲከፍት የሚያየው ይህን ነው። የእሱ ሐዘን መቀለጃ ነው?»

ሄዱ። እማማ ሚትሱዮ እዚያው እንደተንበረከኩ ቀሩ። የእትዬ ፉሚዬ ባል፣ አቶ ናሩሴ፣ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ድሮም ቃል ቆጣቢ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ በራቸውን የዘጉ። ሠላሳ ዓመት የኖረ ጉርብትና በአንድ ወረቀት ፋኖስ ሊቃጠል ነው።

«እማማ፣ ላውርደው?» አልኳቸው።

«ትንሽ ቆዪ፣ ናጊሳ።»

«ሰዎቹ እያዩ ነው። አቶ ናሩሴ ቢያዩስ?»

«አውቃለሁ።» ልብሳቸው ላይ ያልነበረ አቧራ አራገፉ። «ለባል የሚሰቀል አለ፤ ለእናት አለ፤ ለልጅ አለ። ለጓደኛ ግን የሚሰቀል ፋኖስ የለም እኮ። ሱቁ ውስጥ ብትጠይቂ እንኳን 'ለቤትዎ ማን ነበሩ?' ነው የሚሉሽ።»

ያኔ ነው ፋኖሱ የማን እንደሆነ የገባኝ። ኮሃሩን አቅፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ የናሩሴ በር ተከፈተ። የመንገዱ መጋረጃዎች ሁሉ የአንድ ጣት ያህል ተገለጡ። አቶ ናሩሴ ቀስ እያሉ ተሻግረው መጥተው ደጃችን ቆሙ፤ ቀና ብለው ፋኖሱን አዩት፤ ቆይተው ቆይተው አዩት። እማማ በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጥተው ወገባቸው እስኪጎብጥ እጅ ነሡ።

«አቶ ናሩሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እኮ...»

«ለማን ነው?»

«ለ... ለሃኩሮ።»

«ሬሳውን ያየ አለ?»

እማማ እንደጎበጡ አንገታቸውን ብቻ ቀና አደረጉ። «ምን አሉኝ?»

«ሬሳውን ያየ ሰው አለ ወይ ነው ያልኩት። ኢቡኪ አይታለች? አላየችም። የመንደሩ ሰው አይቷል? አላየም። ጉም ውስጥ ገባ፤ በቃ።»

«እርስዎ ደግሞ... አይተውታል?»

«እኔ ምኑን አያለሁ። ፉሚዬ ናት። አርብ አርብ ስጠይቃት ሌላ ምን ወሬ ነበራት? 'መርፌው አመመሽ?' ስላት 'እሱን ተወው፣ ሃኩሮ ምን እንዳደረገ ስማ' ትለኛለች። የመጨረሻውን የሚነግረኝ ሳጣ ፀጉር ቤት ሄጄ ጠየቅኩ።» ትንፋሽ ወሰዱ፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገሩ ሰው ሰምቶ አያውቅም። «እስቲ ይንገሩኝ፤ የሃኩሮ እናት ማናት?»

«ጉም።»

«ከጉም የተወለደ ሰው ጉም ውስጥ ሲገባ ቤቱ ገባ ይባላል እንጂ ሞተ ይባላል?»

እማማ ሚትሱዮ፣ አኒሜውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያውቁት፣ ጥርስ ሐኪም ያስተማሩት፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ፉሚዬ ብትኖር...» አሉ።

«ብትኖር ምን ትልዎ ነበር?»

«'አንቺ ጅል! ሳይሞት ቀበርሽው?' ነበር የምትለኝ።»

«እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። 'ጅል' የሚለውን ግን እኔ አልልም፤ እሷ ናት።»

እማማ ሳቁ። ሳቁ እስከ መሐሉ ድረስ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ። በልብሳቸው እጅጌ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከሚያዝያ ጀምሮ ያጠራቀሙት ሁሉ በዚያች እጅጌ አለፈ። አቶ ናሩሴ አላባበሉም፤ ወደ ሌላ ቦታም አላዩም። ቆመው ጠበቁ፤ ባቡር ነጂ መጠበቅ ያውቃል።

«እንግዲህ ያውርዱት» አሉ ሲበቃ። «በሕይወት ላለ ሰው ነጭ ፋኖስ ነውር ነው። ሻማው ግን እንዳይጣል። እኔ ቤት ያለው አልቋል። እኔ ስለኩስ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መጥተው ያብሩልኝ።»

እማማ ሚትሱዮ ሻማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ተሻገሩ፤ የጓደኛቸውንም ፋኖስ በገዛ እጃቸው አበሩት። በየመጋረጃው ጀርባ የነበረው ሰፈር ይህን አየ። አቶ ኦኩሙራ በማግስቱ በመደበኛ ልብሳቸው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሲወጡም ሚስታቸው ቀረት ብለው «ያ ሦስት መቶ ዓመት የሞላው ልጅ... ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ፊልሙ አለዎት?» አሉ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሳሎናችን አይበቃም። አቶ ናሩሴ የራሳቸውን መከዳ ይዘው ይመጣሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው ነው የሚያዩት። ሚስታቸው የነገሯቸው ቦታ ሲደርስ «እዚህ ጋ ትስቅ ነበር» ይላሉ እንጂ ሌላ አይናገሩም። አባባ ሺጌኦ ጋዜጣቸውን ገልብጠው እንደያዙ የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም። እኔ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ዋጋ የማወዳድር፣ የልጄን ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጬ የምገዛ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ትርፍ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ግን ኮሃሩ አያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ የውሃው ቅል ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ትንፋሿን ስትይዝ አያታለሁ። ይህቺ ልጅ አድጋ አንድ ነገር በሙሉ ልቧ ብትወድ፣ ባታፍርበትም፣ ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ፤ ሌላ ውርስ ባታገኝም ይበቃታል።

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ እማማ ሚትሱዮ በትከሻዬ አሻግረው አነበቡና «ስለ ደበርጃኑ ባትጽፊ ይሻል ነበር» አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡ። «የሚያነብሽ ሰው ካለ ግን እንዲህ በይልኝ» አሉ፤ እንዳሉት ነው የምጽፈው፦

«ሁለተኛው ዙር ይሠራ አይሠራ ገና አልተወሰነም። ቴሌቪዥን ጣቢያው የሚቆጥረው ፖስትካርድ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ ለአንድ ሰው አንድ። እባካችሁ አንድ ጻፉ። 'ጉሙ ውስጥ ያለውን ልጅ ፈልጉት' በሉ፤ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያውቁታል። እኔ የራሴን ልኬያለሁ፤ አቶ ናሩሴም ልከዋል። የፉሚዬ ግን ቀርቷል። ስለዚህ ትርፍ ፖስትካርድ ያላችሁ፣ አንዱን በእሷ ስም ላኩልኝ፤ ናሩሴ ፉሚዬ፣ ሳካታ፣ ብላችሁ። ፊደሏ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር፤ ወደ ግራ አዘንብላችሁ ጻፉት።»